ጡረታ ወጣሁ፤ ሰንበቴው ደብተር አሸከመኝ

ጡረተኛው መምህር (ደብረ ማርቆስ)፦
ሰላም ለናንተ ይሁን። 37 ዓመት አስተምሬ 60 ሲሞላኝ ጡረታ ወጣሁ። ቤት መዋል አልሆነልኝም፣ ባለቤቴንም ያሰለቸኋት መሰለኝ። ሰንበቴውን "ለነዳያን የማገለግልበት ነገር ስጡኝ" ብላቸው መዋጮ ሰብሳቢ አደረጉኝ። እኔ የፈለግሁት ሳንቲም መቁጠር ሳይሆን የተቸገረ ሰው አጠገብ መቀመጥ ነው። ገንዘብ የለኝም፣ ጡረታዋን ታውቋታላችሁ፣ ጉልበቴም ዳገት አይወድም። ምን ልሥራ?

የማርቆሷ ነርስ፦
ጋሼ፣ እንኳን ለዚህ አበቃዎት። እኔም ጡረተኛ ነኝ፣ ማክሰኞን ለዝሆኔ ሕመምተኞች ሰጥቻለሁ። በኛ አገር ቀይ አፈር በባዶ እግሩ ሲያርስ የኖረ ሰው ነው እግሩ የሚያብጠው። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፣ እርግማንም አይደለም፤ ሰው ግን ይሸሻቸዋል፣ ሠርግ እንኳ የማይጠራቸው አለ። ሥራው እግር በሳሙና ማጠብ፣ በጣቶቹ መሀል ሳይቀር ማድረቅ፣ ቫዝሊን መቀባት፣ ካልሲና ጫማ ማልበስ ነው። አጠባጠቡን ጤና ጣቢያ ያሳዩዎታል፣ ቁስል ካለ ለነሱ ይተዉት። አንድ አባት እግራቸውን ስይዝ "ልጄ፣ አይሸትሽም?" አሉኝ። ይሸታል። አልዋሸኋቸውም፣ እግራቸውንም አለቀቅኩም። የጸሎተ ሐሙስን ሕጽበት በየሳምንቱ እንደማድረግ ይቁጠሩት።

የቅኔ ቤት ልጅ፦
እኔ ግን የቆሎ ተማሪ ልበልዎ። የጎጃም ቅኔ ሲባል ሁሉም ይኮራል፣ ልጁ እከክ ሲያሳክከው ሲያድር የሚያይ የለም። "በእንተ ስማ ለማርያም" እያልኩ፣ ውሻ እየነከሰኝ ነው የተማርኩት። ሳሙና፣ ምላጭ፣ ልብስ መቀቀያ በርሜል ይዞ የሚመጣ ሰው ቢኖር ኖሮ! የኔታን ሳያስፈቅዱ ግን አይግቡ። ፎቶ አያንሱ። ሒሳብ ላስተምር እንዳይሉም፣ ሌሊት ቅጸላ (የቃል ጥናት) ቀን ልመና ነው፣ ጊዜ የላቸውም።

የቡሬው፦
ጋሼ፣ ቃል አያብዙ። አባቴ ጡረታ እንደወጣ ጸበል ላሉ ሕሙማን "በየቀኑ እመጣለሁ" አለ። ሦስት ወር ሄዶ ወገቡን አመመውና ቀረ። "ምነው ጠፉ?" እያሉ ሲጠይቁት አፍሮ መንገድ ቀይሮ መሄድ ጀመረ። በሳምንት አንድ ቀን ይበሉ።

ጡረተኛው መምህር፦
ደብተሩን መለስኩ፣ የሰንበቴው መሪ፣ ሙሴው፣ ተቆጡ፤ ይቆጡ። እህቴ፣ ማክሰኞ ስንት ሰዓት ልምጣ? ሽታውን ነገር እንጃ፣ ሆዴ ደካማ ነው።

የማርቆሷ ነርስ፦
ሦስት ሰዓት። የሚቆሽሽ ሱሪ ይልበሱ።