ልጄን የመለመለው አሰልጣኝ ወደ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ሄደ፤ የተሰጠን ቃል የማን ነው?

ጥያቄ፦ የሲልቨር ስፕሪንጉ አባት

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። በሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ የምንኖር ቤተሰብ ነን። የ11ኛ ክፍል ተማሪ የሆነው ልጄ የአሜሪካ ፉትቦል ይጫወታል፤ ቦታው ላይንባከር ነው፤ ከመከላከያው መስመር ጀርባ ቆሞ የሚከላከል ተጫዋች ማለት ነው። እኔ በልጅነቴ የማውቀው በእግር የሚመታውን ኳስ ብቻ ስለነበር፣ የዚህን ጨዋታ ሕግ ከልጄ አጠገብ ተቀምጬ ለመረዳት ሦስት ዓመት ፈጅቶብኛል። ጨዋታው ሲገባኝ ደግሞ ከጨዋታው ጀርባ ያለው አሠራር ፈጽሞ ተለውጦ አገኘሁት።

ባለፈው ዓመት ትምህርት ቤት በተዘጋበት ወቅት ልጄ በአንድ ዩኒቨርሲቲ የልምምድ ካምፕ ላይ ተገኝቶ ነበር። ዋናው አሰልጣኝ ካየው በኋላ እኔንና እናቱን አስቀምጦ ሙሉ ስኮላርሺፕ እንደሚሰጠው ነገረን፤ ልጄም እዚያ ለመግባት በቃል ተስማማ። በዲሴምበር ግን አሰልጣኙ በተሻለ ክፍያ ወደ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ሄደ፤ እኛም የሰማነው ከዜና ነው። በጃንዋሪ ከቀድሞ ተጫዋቾቹ ብዙዎቹ ቡድኑን ለቀቁ። የተተካው አሰልጣኝ ደግሞ ቀድሞ ከነበረበት ዩኒቨርሲቲ ሦስት ላይንባከሮችን ይዞ መጣ። ስለ ልጄ እስካሁን አንድም ሰው አልደወለም።

ልጠይቃችሁ የምፈልገው፣ ያ የስኮላርሺፕ ቃል ዛሬም የጸና መሆኑን፣ እንዲሁም አሰልጣኞች ከ12ኛ ክፍል ከሚወጣ ልጅ ይልቅ ከሌላ ኮሌጅ የሚዛወረውን የሚያስቀድሙት ለምን እንደሆነ ነው። ከሁለቱም በላይ የሚያስጨንቀኝ ግን ሌላ ነገር ነው። እኔ «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» እየተባልኩ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ልጄንም ቃሉን እንዲያከብር አድርጌ አሳድጌዋለሁ። አሁን ሌላ ዩኒቨርሲቲ እንፈልግ ብዬ ብነግረው ቃሉን አፍርስ ማለቴ ይሆን?

መልስ፦ የተማሪዎች አማካሪ

ጤና ይስጥልኝ ወንድማችን። በአንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የስፖርተኛ ተማሪዎች የትምህርት አማካሪ ሆኜ ስለምሠራ፣ እርስዎ የገለጹትን ጭንቀት ይዘው ቢሮዬ የሚመጡ ወላጆች ብዙ ናቸው። በቅድሚያ ስለ ቃሉ ልመልስ። በ11ኛ ክፍል የሚደረግ የቃል ስምምነት ዩኒቨርሲቲውንም ልጁንም በሕግ አያስርም። ዩኒቨርሲቲውን የሚያስረው ልጁ 12ኛ ክፍል ሲደርስ፣ በዲሴምበር መጀመሪያ በሚከፈተው የፊርማ ወቅት የሚፈረመው የገንዘብ ድጋፍ ውል ነው። ያ ውል የሚፈረመው ደግሞ ከዩኒቨርሲቲው ጋር እንጂ ከአሰልጣኙ ጋር አይደለም። ስለዚህ አዲሱ አሰልጣኝ የቀድሞውን ቃል የማጽናት ግዴታ የለበትም፤ ልጅዎም ሌላ ቦታ ቢፈልግ የሚያፈርሰው ውል የለም።

ሁለተኛው ጥያቄዎ ረዘም ያለ መልስ ይፈልጋል። ቀድሞ አንድ ተጫዋች ዩኒቨርሲቲ ከቀየረ አንድ ዓመት ሙሉ ሳይጫወት መቀመጥ ነበረበት፤ በዚህ ምክንያት አሰልጣኙ ሥራ ቢቀይርም ተጫዋቹ ብዙ ጊዜ ባለበት ይቀር ነበር። በኦክቶበር 2018 የኮሌጅ ስፖርትን የሚመራው ኤንሲኤኤ ትራንስፈር ፖርታል የሚባለውን የዝውውር መዝገብ ከፈተ። ተጫዋቹ መዛወር እንደሚፈልግ በጽሑፍ ካመለከተ ዩኒቨርሲቲው በሁለት የሥራ ቀናት ውስጥ ስሙን ያስገባል፤ ከዚያ በኋላ ሌሎች አሰልጣኞች ሊያነጋግሩት ይችላሉ። በ2021 አንድ ጊዜ ሳይቀመጡ መዛወር ተፈቀደ። በዲሴምበር 2023 በዌስት ቨርጂኒያ የሚገኝ የፌዴራል ፍርድ ቤት ለሁለተኛ ጊዜ በሚዛወሩት ላይ የነበረውን ገደብ አገደ፤ በኤፕሪል 2024 ደግሞ ኤንሲኤኤ ራሱ ሕጉን ለውጦ፣ የትምህርት መመዘኛውን ያሟላ ተጫዋች የፈለገውን ያህል ጊዜ እንዲዛወር ፈቀደ።

ገንዘቡም በዚሁ ጊዜ ውስጥ ነው የመጣው። ከጁላይ 1 ቀን 2021 ጀምሮ ተጫዋቾች በስማቸውና በምስላቸው ገቢ እንዲያገኙ ተፈቀደላቸው። በጁን 2025 በጸደቀው የፍርድ ቤት ስምምነት መሠረት ደግሞ ከጁላይ 2025 ጀምሮ በስምምነቱ የገባ ዩኒቨርሲቲ ለስፖርተኞቹ በቀጥታ ገንዘብ ማካፈል ይችላል፤ ጣሪያው በመጀመሪያው ዓመት 20.5 ሚሊዮን ዶላር ነበር። በዚያው ስምምነት የተስማሙ ዩኒቨርሲቲዎች የፉትቦል ቡድናቸው ከ105 ሰው እንዳይበልጥ ተወስኗል። እንግዲህ ራስዎን በአሰልጣኙ ቦታ ያስቀምጡ። በሁለት ዓመት ውስጥ ካላሸነፈ የሚባረር ሰው፣ ገና ሰውነቱ ያልጠነከረ የ18 ዓመት ልጅ እስኪበስል መጠበቅን ይመርጣል ወይስ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሁለት ዓመት የተፈተነ የ21 ዓመት ጎልማሳ መግዛትን? ከዚህ ሌላ ብዙ ወላጆች የማያስተውሉት ለውጥ አለ። ድሮ አንድ ቡድን በዓመት ከ25 በላይ አዲስ ባለስኮላርሺፕ ማስፈረም አይችልም ነበር፤ ይህ ገደብ በ2022 በመነሳቱ፣ አዲስ አሰልጣኝ ቡድኑን በአንድ የዝውውር ወቅት ከሥሩ መቀየር ይችላል። ሦስቱ ላይንባከሮች በአንድ ጊዜ ሊመጡ የቻሉት ለዚህ ነው።

መልስ፦ የኢንዲያናፖሊሱ

ጋሼ፣ ሰላምታዬ ይድረስዎ። እኔ እዚህ ኢንዲያና ውስጥ ያደግሁ ነኝ፤ ይህን ዝውውር ሰዎች እንደ ጥፋት ብቻ ሲያወሩት ስሰማ ዝም ማለት አልችልም። የኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ቡድን ለዘመናት የሽንፈት ምሳሌ ነበር። በ2023 የውድድር ዘመን ሦስት ጨዋታ አሸንፎ ዘጠኝ ተሸነፈ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር መጨረሻ ከርት ሲግኔቲ ከጄምስ ማዲሰን ዩኒቨርሲቲ መጥቶ ሥራውን ያዘ፤ ከቀድሞ ተጫዋቾቹም በርካቶች ተከትለውት መጡ። በመጀመሪያው ዓመት 11 አሸንፎ ሁለት ተሸነፈ። በሁለተኛው ዓመት ከካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ የተዛወረው ኳርተርባክ (ኳሱን እየወረወረ ማጥቃቱን የሚመራው ተጫዋች) ፈርናንዶ ሜንዶዛ ለዓመቱ ምርጥ የኮሌጅ ተጫዋች የሚሰጠውን የሃይዝማንን ሽልማት ወሰደ፤ ቡድኑም በጃንዋሪ 19 ቀን 2026 የማያሚ ዩኒቨርሲቲን 27 ለ21 አሸንፎ፣ 16 ጨዋታ ያለ አንድ ሽንፈት ጨርሶ የአገሪቱ ሻምፒዮን ሆነ። በዚያ ሌሊት ጎረቤቶቼ መንገድ ላይ ወጥተው ሲያለቅሱ አይቻለሁ። የተሸነፉት ማያሚዎችም ኳርተርባካቸው ካርሰን ቤክ ከጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ የተዛወረ ነበር።

ልጅዎ ላይንባከር ስለሆነ በተለይ የአይደን ፊሸርን መንገድ እንዲያይ እመክራለሁ። ፊሸር ላይንባከር ነው፤ ከታላላቆቹ ጎራ ባልነበረው በጄምስ ማዲሰን ጀምሮ፣ አሰልጣኙን ተከትሎ ኢንዲያና መጣና በአገር ደረጃ ከምርጦቹ አንዱ ተብሎ ተመረጠ። ተቀባዩ ኢላይጃ ሳራትና የመከላከያ መስመር ተጫዋቹ ሚካይል ካማራም ከጄምስ ማዲሰን አሰልጣኙን ተከትለው የመጡ ናቸው። በቀድሞው ሕግ ቢሆን ኖሮ እነዚህ ልጆች አንድ ዓመት ቁጭ ማለት ይገባቸው ነበር። ትንሽ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ በመጀመሪያው ዓመት የሚጫወት ልጅ፣ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሦስት ዓመት ተቀያሪ ሆኖ ከሚቀመጠው የተሻለ የሚታይበት ዘመን ነው።

የአሰልጣኞቹ ነገር ግን እኔንም ያናድደኛል። ሌን ኪፈን በኖቬምበር 2025 መጨረሻ፣ ኦሌ ሚስ የሚባለው የሚሲሲፒ ዩኒቨርሲቲ ቡድን 11 አሸንፎ አንድ ብቻ ተሸንፎ ወደ ሻምፒዮናው የጥሎ ማለፍ ውድድር ሊገባ ሲል ትቷቸው ወደ ኤልኤስዩ (የሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲ) ሄደ። ዩኒቨርሲቲው በውድድሩ እንዲያሰለጥን ስላልፈቀደለት ቡድኑን ፒት ጎልዲንግ ተረከበ፤ ልጆቹ ግን ሳይበታተኑ ጆርጂያን አሸንፈው እስከ ግማሽ ፍጻሜ ደረሱ። ኤልኤስዩ ደግሞ ከዚያ በፊት ብራያን ኬሊን ሲያሰናብት በውሉ መሠረት ወደ 54 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ዕዳ ነበረበት። ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም በ2023 ጂምቦ ፊሸርን ሲያሰናብት የነበረበት ዕዳ ከ75 ሚሊዮን በላይ ነበር። ለተባረረ ሰው ይህን ያህል የሚከፍል ተቋም፣ ተጫዋቹ ለገንዘብ ተዛወረ ብሎ የሚወቅስበት ፊት ሊኖረው አይገባም ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ ጋሼ፣ ልጅዎ ቃል አፍራሽ አይደለም፤ ቃሉን የሰጠው ለሄደው ሰው ነበር።

መልስ፦ የአትላንታዋ እናት

ወንድሜ፣ የኢንዲያናፖሊሱ ወንድማችን የነገረዎት እውነት ነው፤ ነገር ግን በዚያ መንገድ ሄደው ያልተሳካላቸው ልጆች ቴሌቪዥን ላይ አይታዩም። የእኔ ልጅ ከሁለት ዓመት በፊት አሰልጣኙ ሲቀየር ስሙን ፖርታል ውስጥ አስገባ። ጓደኞቹ ስልክ በስልክ ይሆናል ብለውት ነበር። የመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ሰዎች ደወሉ፤ ከዚያ በኋላ ማንም አልደወለም። ወደ ነበረበት ልመለስ ሲል ቦታው ተይዟል ተባለ፤ ስም ካስገባ በኋላ ዩኒቨርሲቲው ስኮላርሺፑን በሴሚስተሩ መጨረሻ ማቆም እንደሚችል ያወቅነው ያን ጊዜ ነው። እስከ ጁን ድረስ ልጄ ምግብ ሲበላ እንኳ ስልኩን ከእጁ አላስቀመጠም። በመጨረሻ አንድ አነስተኛ ኮሌጅ ተቀበለው፤ ከወሰዳቸው ኮርሶች ግን አምስቱ አልተቆጠሩለትም፣ ስለዚህ ግማሽ ዓመት የሚጠጋ ትምህርት እንደገና ጀመረ። ዛሬ ደህና ነው፣ ይጫወታል፣ ይማራል። እኔ ግን ያንን ስልክ እየጠበቀ የሚቀመጥበትን ወንበር እስካሁን ሳየው ሆዴ ይባባል።

የሲልቨር ስፕሪንጉ አባት

ሁላችሁንም ከልቤ አመሰግናለሁ። እኅቴ፣ የጻፉትን ለልጄ ጮክ ብዬ አነበብኩለት፤ ዝም ብሎ ከሰማኝ በኋላ «ኮርሶቹ ለምን አልተቆጠሩም?» ብሎ ጠየቀኝ፤ የምመልሰው ግን አልነበረኝም። አማካሪዋ እህታችን ይህን ቢያብራሩልን ደስ ይለኛል። ሌላው፣ ልጄ ከገባ በኋላ አሰልጣኙ እንደገና ቢሄድስ?

መልስ፦ የተማሪዎች አማካሪ

ልጅዎ የጠየቀው ጥያቄ ከአብዛኞቹ ወላጆች ጥያቄ ይበልጣል። አንድ ዩኒቨርሲቲ ከሌላው የመጣን ኮርስ በሁለት ደረጃ ነው የሚመዝነው፤ አንደኛ ክሬዲቱን ይቀበላል ወይ፣ ሁለተኛ ያ ክሬዲት ለመረጠው ዲግሪ ይቆጠራል ወይ? ተጫዋቹን የሚጎዳው ብዙውን ጊዜ ሁለተኛው ነው። በኤንሲኤኤ ሕግ አንድ ስፖርተኛ ሦስተኛ ዓመቱን ሲጀምር የዲግሪውን 40 በመቶ፣ አራተኛውን ሲጀምር 60 በመቶ፣ አምስተኛውን ሲጀምር 80 በመቶ መጨረስ አለበት፤ ካልሆነ መጫወት አይችልም። ኢንጂነሪንግ የሚማር ልጅ በሁለተኛ ዓመቱ ተዛውሮ የፊዚክስና የሒሳብ ኮርሶቹ ለአዲሱ ፕሮግራም ካልተቆጠሩለት 40 በመቶው ይርቀዋል፤ ያኔ ለመጫወት ሲል የትምህርት ዘርፉን ይቀይራል። እንዲህ ሆነው የሚፈልጉትን ሙያ የተዉ ልጆች ፊት ለፊቴ ተቀምጠው ያውቃሉ፤ በዝውውሩ ጉዳይ ከምንም በላይ የሚያሳዝነኝም ይኸው ነው።

አሰልጣኙ ቢሄድ ስላሉት፣ ከ2026 ጀምሮ ለሁሉም ተጫዋች የሚከፈተው የዝውውር ጊዜ ከጃንዋሪ 2 እስከ 16 ያለው አንድ ብቻ ነው፤ በኤፕሪል ይከፈት የነበረው ተሰርዟል። ዋና አሰልጣኙ የተቀየረበት ቡድን ተጫዋቾች ግን አዲሱ አሰልጣኝ ከታወቀ ከአምስት ቀን በኋላ የሚጀምር የ15 ቀን ጊዜ ይሰጣቸዋል። ቀድሞ አሰልጣኙ እንደሄደ ወዲያውኑ 30 ቀን ይከፈት ስለነበር፣ ልጆቹ ማን እንደሚመጣ ሳያውቁ ይወጡ ነበር። አሁን አዲሱን ሰው አነጋግሮ ለመወሰን ትንሽ ጊዜ አለ።

አሁን ለማድረግ የሚቻለውን ልንገርዎት። አዲሱ አሰልጣኝ እስኪደውል አይጠብቁ፤ ልጅዎ ራሱ ለላይንባከሮቹ አሰልጣኝ ኢሜይል ጽፎ የተሰጠው የስኮላርሺፕ ቃል የጸና እንደሆነ በቀጥታ ይጠይቅ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ግልጽ መልስ ካልመጣ እንደ መልስ ይቁጠሩት። ከኤፕሪል 1 ጀምሮ የ11ኛ ክፍል ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲው ወጪያቸውን ችሎ የሚጋብዛቸውን ይፋዊ ጉብኝት ማድረግ ስለሚችሉ፣ እስከዚያ ድረስ ሦስት ወይም አራት ዩኒቨርሲቲዎችን ይለዩ፤ ከእነዚህም አንዱ የኢንዲያናፖሊሱ ወንድማችን እንዳለው አነስ ያለ ይሁን። በጉብኝቱ ላይ ዛሬ ካሉት ላይንባከሮች ስንቱ ከአንድ ዓመት በላይ እንደሚቀራቸው፣ ባለፈው ጃንዋሪም ለዚያ ቦታ ስንት ሰው ከፖርታል እንዳስፈረሙ ይጠይቁ። ከዚያ ከአሰልጣኞቹ ቢሮ ወጥታችሁ ወደ ትምህርት ክፍሉ ሂዱ። ልጁ ሊማር የሚፈልገውን ዘርፍ የኮርስ ዝርዝር ካገኛችሁ ይላኩልኝ፤ ሌላ ቦታ ቢሄድ የትኞቹ ሊቆጠሩለት እንደሚችሉ አብረን እናያለን።