ወንድሜ የልጁን ኢንሱሊን አቁሟል፤ በድብቅ ልውጋው?

የሐይቅ ዳሯ

ሰላም ለሁላችሁ። የምጽፈው ከሐዋሳ ነው። ይረዝማል፣ ይቅርታ።

የወንድሜ ልጅ 9 ዓመቱ ነው። አቢ ልበለው። ኅዳር ላይ በአንድ ጊዜ ቀጠነብን። እናቱ «ቁመት እየጣለ ነው» ትላለች። ውሃ በጆግ ይጠጣል። ግቢ ውስጥ የሸናበት ቦታ ጉንዳን ይሰፍርበታል። ጉንዳኑን ያየችው እናቴ ናት። «ይሄ ልጅ ስኳር አለበት» ስትል ሳቅንባት። ስኳር የትልቅ ሰው በሽታ ይመስለን ነበር። በሳምንቱ ማስታወክ ጀመረ፤ ሆስፒታል ስናደርሰው ራሱን አያውቅም። 6 ቀን ተኛ። ከዚያ ወዲህ ጠዋትና ማታ ኢንሱሊን ነው። አሁን ራሱ መውጋት ተምሯል። ሆዱን በሁለት ጣቱ ቆንጠጥ ያደርግና ዓይኑን ጨፍኖ እስከ ሦስት ይቆጥራል።

የካቲት ላይ ቤተ ክርስቲያናችን ኮንፍራንስ ነበራት። የቤተ ክርስቲያኗንም ሆነ የእንግዳውን አገልጋይ ስም አልጠራም፤ አትጠይቁኝ። አገልጋዩ አቢን ወደ መድረክ ጠራው፣ ጸለየለት፣ «ከእንግዲህ መርፌ የለም» አለው። እልል ካሉት አንዷ እኔ ነኝ። ቪዲዮው ላይ ድምፄ ይሰማል።

ከዚያ በፊት በነበሩት ሳምንታት ስኳሩ በደንብ ወርዶ ነበር። ሐኪሙም መጠኑን ሁለት ጊዜ ቀንሶለታል። ወንድሜ ይህን ሁሉ ገጣጠመው። በማግስቱ ለካው፣ 118። ብልቃጡን ከፍሪጁ በር፣ ከእንቁላሉ አጠገብ፣ አንስቶ ቁም ሳጥን ላይ ጣለው። በሦስተኛው ቀን መለካቱንም ተወ። «ኢንሱሊን የወጋሁት ቀን እግዚአብሔርን ውሸታም አልኩት ማለት ነው» ይላል።

ወንድሜ ክፉ አይደለም። ባጃጅ ነው የሚነዳው። ኅዳር ላይ ለሕክምና ብሎ ባጃጁን ሊሸጥ ሁለት ጊዜ ደላላ ጠርቷል። ልጁን ይወዳል። እኔን የጨነቀኝም ይሄው ነው፤ የማይወድ ቢሆን ኖሮ መጣላት ይቀል ነበር።

ዛሬ 9ኛው ቀን ነው። ሐሙስ ዕለት አቢ እኔ ቤት ሲመጣ ለካሁት፣ 214። ትናንት 327። ውሃ የሚጠጣው ተደብቆ ነው፤ ከኩሽናው ጀርባ ከቧንቧው አፉን ደቅኖ ያዝኩት። ምን አለኝ? «አክስቴ፣ ለአባ እንዳትነግሪው። እምነት ጎደለህ ይለኛል።»

ጥያቄዬ፦ ከትምህርት ቤት እኔ ቤት ነው የሚመጣው። መርፌውም አለኝ። በድብቅ ልውጋው? ወይስ ወንድሜን ልክሰስ? ሁለቱንም ሳስበው ሆዴ ይገለበጣል። እባካችሁ እምነት አትስደቡ። እኔም አማኝ ነኝ።

የማታ ተረኛ

እህቴ፣ ነርስ ነኝ፤ ሕፃናት ክፍል። ሌላውን መልስ ከማንበብሽ በፊት ልጁን ሄደሽ እይው። ካስታወከ፣ ሆዴን ካለ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው፣ ከሩጫ እንደመጣ ሰው በረጅሙ ቶሎ ቶሎ ከተነፈሰ፣ አፉ የላሸቀ ሙዝ የሚመስል ነገር ከሸተተ፣ የማንንም ፈቃድ አትጠብቂ። ድንገተኛ ክፍል ውሰጂው፤ ሌሊትም ቢሆን። አሁን ምንም ምልክት ባይኖርበትም ዛሬውኑ መታየት አለበት። 327 በዚያው የሚቆም ቁጥር አይደለም።

አሁን ስለ 118። ያ ቁጥር ውሸት አይደለም። የልጆች ስኳር አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው የገዛ ሰውነታቸው ቆሽታቸው ውስጥ ያሉትን ኢንሱሊን አምራች ሴሎች ሲያጠፋቸው ነው። ሕመሙ ሲገኝ ጥቂቶቹ ገና አልሞቱም። ኢንሱሊን ከውጭ ሲገባ እነዚያ ትንፋሽ ያገኛሉ፤ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት መሥራት ይጀምራሉ። መጠኑ የሚቀነሰውም ለዚህ ነው። ሐኪሞቹ «ሃኒሙን» ይሉታል። የጫጉላ ጊዜ ማለት ነው፤ እንደ ማንኛውም ጫጉላ ያልቃል። ያ ኮንፍራንስ የገባው ልክ በዚህ ሰሞን ነው። ለቤተሰብ ይህን አስቀድመን በደንብ አለማስረዳታችን የእኛ የባለሙያዎች ጥፋት ነው።

ወንድምሽ «ድሮ ያለ ኢንሱሊን ሰው አልኖረም ወይ?» ማለቱ አይቀርም። ልጆቹ አልኖሩም። የመጀመሪያው ኢንሱሊን ለሰው የተወጋው ቶሮንቶ ውስጥ፣ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በጥር 1922፣ ለአንድ የ14 ዓመት ልጅ ነው። ከዚያ በፊት ሐኪሞች ማድረግ የሚችሉት ምግብ ከልክለው ሞቱን ጥቂት ማዘግየት ብቻ ነበር።

በድብቅ አትውጊው። መጠኑ ድሮ የነበረው ላይሆን ይችላል፤ በዝቶ ስኳሩ ቢወድቅ ደግሞ ሌሊት ማንም ምን እንደሆነ ሳያውቅ ይንቀጠቀጣል፣ ራሱን ይስታል። አባትየው ልቡ ተመልሶ እሱም ቢወጋውስ? ሌላም አለ። አንቺ በድብቅ ስትወጊው ስኳሩ ይስተካከላል። ወንድምሽ «ፈውሱ ጸና» ይላል። በአንቺ መርፌ ሁለተኛ ምስክርነት ይወጣና ያንን የሰማች ሌላ እናት የልጇን ብልቃጥ ቁም ሳጥን ላይ ትጥላለች።

ጸጋው ይበዛል

የአክስት ፍርሃት የአባትን እምነት አያፍርስ። ጠላት በዘመድ በኩል ነው የሚገባው። 327ን ማን አሳየሽ? ባትለኪው አታዪውም ነበር።

የሐይቅ ዳሯ

ወንድሜ/እህቴ፣ ባልለካው ኖሮ ልጁ ውሃ አይጠማውም ነበር?

የአቶቴው ሽማግሌ

ልጄ፣ እኔ በወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ከ30 ዓመት በላይ ሽማግሌ ሆኜ ያገለገልኩ ነኝ። ስለ ፈውስ የማልጠራጠር ሰው ነኝ፤ በዓይኔ ያየሁት አለ። ከላይ የጻፈውን ወገን ግን አልቀበለውም።

ለወንድምሽ ሁለት ነገር አንብቢለት። አንዱ ሕዝቅያስ ነው። እግዚአብሔር በነቢዩ በኢሳይያስ አፍ «15 ዓመት ጨምሬልሃለሁ» ብሎታል። ቃሉ ወጥቷል፤ ከዚህ የበለጠ ትንቢት የለም። ከዚያ በኋላ ያው ኢሳይያስ ምን አለ? የበለስ ጥፍጥፍ አምጥተው እባጩ ላይ ያድርጉለት አለ። ንጉሡ «በለስ ካስቀመጥኩ አላመንኩም ማለት ነው» አላለም። ሁለተኛው ሉቃስ 17 ላይ ያሉት 10 ለምጻሞች ናቸው። ጌታ «ሂዱና ራሳችሁን ለካህናት አሳዩ» አላቸው። በዚያ ዘመን ለምጽ መንጻቱን መርምሮ የሚያረጋግጠው ካህን ነበር። እንግዲህ ጌታ ራሱ ወደ ምርመራ ከላከ እኛ ከማሽኑ የምንሸሸው ለምንድን ነው?

«ኢንሱሊን ውጋው» ብለሽ አትጀምሪ። እሱ እንደ ክህደት ነው የሚሰማው። «ይመርመር» በይው። የተፈወሰ ልጅ መርማሪ አይፈራም። ብቻሽንም አትሂጂ። ከዚያው ከቤተ ክርስቲያናችሁ የሚያከብራትን እናት ይዘሽ ሂጂ። እንግዳው አገልጋይ እንደሆነ እንግዳ ነው፣ ወደመጣበት ይሄዳል። ሌሊት ተነስቶ ልጁን የሚያይ እሱ አይደለም።

የአዳማዋ እናት

እኔ ያቺ እናት ነበርኩ። ስለዚህ ስድብ ካለ ለእኔም ይድረሰኝ።

ልጄ የሚጥል በሽታ አለባት። ያኔ 7 ዓመቷ ነበር። ፌኖባርብ ትወስድ ነበር፤ ከጀመረች ወዲህ መውደቋ በጣም ቀንሶላት ነበር። ከአዳማ ወጣ ብሎ ወዳለ ጸበል ወሰድኳት። እዚያ አንድ አስጠማቂ ነኝ ባይ «መድኃኒት ይዛችሁ ጸበል አትግቡ፣ መንፈሱ ይደበቃል» አለን። አቆምኩ። ድንገት ማቆም መውደቁን እንደሚያብስ ማን ነገረኝ? በ5ኛው ቀን ቤት ተመልሰን፣ እኔ ቡና ቆልቼ ሙቀጫ ላመጣ ጓዳ ስገባ፣ ከሰሉ ላይ ወደቀች። ቀኝ እጇ። አሁን 15 ዓመቷ ነው፤ በሙቀት ቀንም ረጅም እጅጌ ነው የምትለብሰው። አዳማን የሚያውቅ ይፍረድ።

የመለሰኝ ሐኪም አይደለም። ሐኪሙ ጮኸብኝ፤ ሲጮህብኝ እልሁ ያዘኝ። የመለሱኝ የንስሐ አባቴ ናቸው። «ልጄ፣ ሲራክ ምዕራፍ 38ን አንብቢ። መድኃኒትን ከምድር የፈጠረ እሱ ነው ይላል» አሉኝ። ነፍሳቸውን ይማርና ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስም በኤችአይቪ ጊዜ ጸበሉና መድኃኒቱ አይጋጩም፣ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታ ናቸው ብለው በአደባባይ ተናግረው ነበር። እኔ ግን አልሰማሁም ነበር፤ ወይም ልሰማ አልፈለግሁም።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ የሐይቅ ዳሯ። ልጁ ያለሽን ለወንድምሽ ነግረሽዋል? «እምነት ጎደለህ ይለኛል» ያለውን? እኔ ልጄ ምን እያሰበች እንደነበር የሰማሁት ከተቃጠለች በኋላ ነው።

ችሎት

ስለ ክስ ስለጠየቅሽ ባጭሩ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 27 ወላጆች ልጆቻቸውን በእምነታቸው የማሳደግ መብት ይሰጣል። እዚያው አንቀጽ ውስጥ ግን የሃይማኖት መገለጫ ለጤናና ለሌሎች መብት ሲባል በሕግ ሊገደብ እንደሚችል ተጽፏል። አንቀጽ 36 ደግሞ የሕፃናት ደኅንነት በቀደምትነት ይታሰብ ይላል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 576 ልጅን ችላ ማለትን ይቀጣል። ነገሩ ከከፋ የሴቶችንና የሕፃናትን ጉዳይ የሚመለከተው ቢሮ፣ ወይም ፖሊስ ጣቢያ ሕፃናትን የሚመለከተው ክፍል ሂጂ።

እዚያ ሳይደረስ ይሻላል። አሜሪካ፣ ዊስኮንሲን ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2008 አንዲት የ11 ዓመት ልጅ በዚሁ በስኳር ሞታለች። ወላጆቿ ሐኪም ሳይጠሩ እየጸለዩ ነበር። ሁለቱም ጥፋተኛ ተባሉ፤ በ2013 የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፍርዱን አጸናው። ሕጉ ሥራውን ሠራ። ልጅቱ ከተቀበረች 5 ዓመት ሆኗት ነበር።

የሐይቅ ዳሯ

የምጽፈው ከሆስፒታል ኮሪደር ነው። ስልኬ 11 ፐርሰንት ነው።

ትናንት ማታ የጸሎት ቡድን መሪያችንን ይዤ ሄድኩ። ወንድሜ እትዬ ነው የሚላት፤ ከመጋባታቸው በፊት ሚስቱን የለመነችለት እሷ ናት። በር ላይ ስንደርስ ገባው። ቡና ተፈላ። ማንም ስለ ስኳር አላወራም። እትዬ ሁለተኛውን ሲኒ ስታስቀምጥ የለምጻሞቹን ነገር አነሳች። «ልጄ፣ ይመርመርና እኔም ደግሜ እልል ልበል» አለችው። ወንድሜ ዝም። እኔ ያኔ የቧንቧውን ነገር ነገርኩት። አቢ ተደብቆ እንደሚጠጣ፣ ምን እንዳለኝ። አላየኝም። ሲኒውን ነው ያየው።

ከዚያ ተነስቶ አቢን ከመኝታ ቤት አመጣው። እግሩን እየጎተተ ነው የመጣው። ጣቱን የወጋው ራሱ ወንድሜ ነው። ማሽኑ ቁጥር አላወጣም። ከልክ በላይ ሲሆን የሚያወጣውን ምልክት ነው ያወጣው። ወንድሜ «ባትሪው ነው» አለና ደግሞ ለካ። ያው። የባጃጁን ቁልፍ ከምስማሩ ላይ ሲያነሳ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከታቦር እስከ ሆስፒታል አንድም ቃል አልተናገረም። ጉድጓድ ላይ ግን አልቀነሰም፤ አናቴ ሦስት ጊዜ ጣራው መታኝ።

እዚህ ስንደርስ አንዱ «ግሉኮስ ሰክተውለታል» ሲል ጮህኩ። ለስኳር ልጅ ግሉኮስ? የጨው ውሃ ነው አለችኝ ነርሷ፤ ሰው በክንድ የሚገባውን ሁሉ ግሉኮስ ይለዋል። ኢንሱሊኑም ተጀመረ። ጠዋት ነቃ። መጀመሪያ ያለው «ሚሪንዳ ይቻላል?» ነው። አይቻልም።

ወንድሜ እስካሁን አላናገረኝም። ይቅርታም አልጠየቀም፣ እኔም አልጠበቅሁም። ውጭ ባጃጁ ውስጥ ተቀምጧል፤ የሚጸልይ ይመስለኛል። አንዴ ብቻ መጥቶ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አድርጎ፣ «መብራት ሲጠፋ ብልቃጡን የት ነው የምታስቀምጪው?» አለኝ። እኔም አላውቅም። የማታ ተረኛ፣ ካለሽ መልሺልኝ።

የማታ ተረኛ

አለሁ። ትንሽ የሸክላ ማሰሮ ግዙ። እርጥብ አሸዋ ሙሉበት። ብልቃጡን በፕላስቲክ ጠቅልላችሁ መሃል ላይ፣ በእርጥብ ጨርቅ ሸፍኑት። ጥላ ቦታ፣ ነፋስ ያለበት። አሸዋው ሲደርቅ ውሃ ጨምሩ። መብራት ሲመጣ ወደ ፍሪጁ በር መልሱት፤ በረዶ ቤት ግን በጭራሽ፣ ከረጋ አይሠራም። ቁም ሳጥን ላይ የቆየውን ብልቃጥ ጣሉት። አዲስ ይጻፍላችሁ።