ቪትዝ መኪናዬ ሞተሯ ይሠራ ወይስ ይቀየር?

ሰላም ጓዶች፣ ባለፈው ሳምንት ቃሊቲ መንገድ ላይ ከፊቴ ያለው ሚኒባስ ተሳፋሪ አየሁ ብሎ ድንገት ሲቆም ከኋላው ገባሁበት። ራዲያተሩ መቀደዱን ሳላይ፣ ሞኝነቴ፣ ሙቀቱ እየጨመረም ወደ ቤት ነዳኋት፣ ሳልደርስ እየጨሰች ቀጥ አለች። አሁን የዘይት ክዳኑን ስከፍተው ውስጡ ማኪያቶ መስሏል፣ ውሃና ዘይት ተቀላቅሏል ማለት ነው። አንዱ መካኒክ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ይላጥና ጓርኒሲዮኑ (ከሥሩ ያለው ማሸጊያ) ይቀየር በቂ ነው ይላል፣ ሌላው ደግሞ አትድከም ከሶማሌ ተራ (የመኪና መለዋወጫ ገበያው) ያገለገለ ሞተር ግዛ ይለኛል (ኮሚሽን ሳይኖረው አይቀርም)። ያገለገለውስ ምን ያህል እንደሠራ በምን ይታወቃል? ሊብሬው ላይ ያለው የሞተር ቁጥርስ እንዴት ይሆናል? ኢንሹራንሴ ሦስተኛ ወገን ብቻ ስለሆነ ሁሉም ከኪሴ ነው። ከመፍታታቸው በፊት ኮምፕሬሽን (የሲሊንደሮቹን ግፊት) ባስለካ ይለይልኛል? የደረሰበት ካለ እባካችሁ ንገሩኝ፣ ቅዳሜ መልስ እሰጣለሁ ብያቸዋለሁ።