ታዳጊ ልጃገረዶች የጻፉትን ለማንበብ ሲፈሩ

ጥያቄ፦ ከ14 እስከ 16 ዓመት የሆናቸው ልጃገረዶችን የፈጠራ ጽሑፍ አለማምዳለሁ። ይጽፋሉ፤ አንብቡ ስላቸው ግን ደብተራቸውን ይከድናሉ። ምን ላድርግ?

መልስ 1፦ እህቴ፣ ማንበብን ግዴታ አታድርጊው። ለ10 ደቂቃ ሳያቋርጡ ይጻፉ፤ ከዚያ እያንዳንዷ የወደደችውን አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ታንብብ። «ይለፈኝ» ማለትም ይፈቀድ። አንቺም አብረሻቸው ጽፈሽ ቀድመሽ አንብቢ።

መልስ 2፦ የሚያስፈራቸው አስተያየቱ ነው። በመጀመሪያ ረቂቅ ላይ ፊደልና ሰዋስው ማረም ብዕር ያስጥላል፤ «ጥሩ ነው» ማለትም ምንም አያስተምርም። አድማጮች የትኛው ቃል እንደያዛቸውና የት ላይ የበለጠ ማወቅ እንደፈለጉ ብቻ ይናገሩ።

መልስ 3፦ «ስለ ራስሽ ጻፊ» የሚል መነሻ ያጋልጣቸዋል። «አንዲት ልጅ የተቆለፈ ሳጥን አገኘች» ብትያቸው በገጸ ባሕርይዋ ተከልለው የልባቸውን ይጽፋሉ። ጥቃትን የሚጠቁም ጽሑፍ ከመጣ ለብቻዋ አነጋግሪያት፤ ለማንም አልናገርም ብለሽ ግን ቃል አትግቢ፣ እርዳታ መጥራት ሊኖርብሽ ይችላልና።