ማማዬ ላይ ሆኜ አጋዘኖቹ ከኋላ እየመጡ ያሸቱኛል

ሰላም ወገኖች። ሚኒሶታ ነው የምኖረው። እርሻው ጥግ ባለው ጫካ አንድ ወዳጄ ፈቅዶልኝ በቀስት አጋዘን አድናለሁ።

ማማዬ ባለመሰላል ነው፤ 16 ጫማ ከፍታ አለው፣ ከትልቅ የኦክ ዛፍ ጋር ታስሯል። ደህንነት ላይ ቀልድ የለም። እግሬ መሬት ሳይለቅ የደህንነት መታጠቂያዬን ዛፉ ላይ ከታሰረው ገመድ ጋር አያይዛለሁ፤ ቀስቱን በገመድ ወደ ላይ የምስበው ከወጣሁ በኋላ ነው።

ችግሬ ጠረን ነው። አጋዘኖቹ ከፊቴ 20 ያርድ ላይ የኦክ ፍሬ ይለቅማሉ። ከኋላዬ መሬቱ ወደ ጅረት ይወርዳል። ቀን ላይ ነፋሱ ፊት ለፊት ስለሚመጣ ደህና ነኝ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ግን ነፋሱ ጸጥ ይላል፣ ቀዝቃዛው አየር ጠረኔን ይዞ ቁልቁል ይወርዳል። የነፋስ መፈተሻ ዱቄቴን ስረጨው እንደ ጭስ እየተሳበ ወደ ጅረቱ ይሄዳል። ሴቷ አጋዘንም ከዚያው ትመጣለች። ቀጥ ትላለች፣ በፊት እግሯ መሬቱን መታ መታ ታደርጋለች፣ ከዚያ “ፉፍ!” ብላ ነጩን ጅራቷን ሰቅላ እብስ። ሌሎቹም ተከትለዋት።

ሽታ በሌለው ሳሙና መታጠብ ሞክሬአለሁ። ልብሴን ውጭ አሳድራለሁ። ጠረን ያጠፋል ብለው የሸጡልኝ ርጭት የገንዘብ ብክነት ነው። ጠዋት አየሩ ሲሞቅ ሽቅብ ስለሚወጣ ይሻል ነበር፤ ግን ማማው ጋ ለመድረስ በጨለማ አጋዘኖቹ የሚግጡበትን ማሳ ማቋረጥ አለብኝ።

እናንተ ብትሆኑ ማማውን ከጅረቱ ማዶ ታዛውሩታላችሁ ወይስ እዚሁ ትታችሁ ጠዋት ብቻ ታድናላችሁ?