የዕቅድ ውይይት፦ የክሊፕ አፕላየሩን ረቂቅ እስከ እሁድ እንጨርስ

ሰብሳቢ፣ ደሴ፦ ያ ጀማዓ፣ የጋራ ፕሮፖዛሉ እሁድ መዘጋት አለበት። የተስማማነው ለክፍት ቀዶ ሕክምና የሚሆን፣ የደም ሥርን በትንሽ የብረት ክሊፕ ጨምቆ የሚዘጋ፣ እየታጠበ ደጋግሞ የሚሠራ፣ አንድ በአንድ ክሊፕ የሚጎርስ መሣሪያ ላይ ነው። 20 ክሊፕ ይዞ የሚመጣው ተጠቅመው የሚጥሉት ዓይነት ይቅርብን፣ ውስጡ ያለው ስፕሪንግና መግፊያ ያደክመናል። እንደ አርተሪ ፎርሴፕስ (መቀስ መሰሉ የደም ሥር መቆንጠጫ) የሚቆልፍ ጥርስ ይጨመርበት ያላችሁስ?

የቀዶ ክፍል ነርስ፦ ጥርሱ ይቅር። ጨምቀን እጃችንን ስንለቅ ወዲያው ካልተከፈተ ክሊፑን ከነደም ሥሩ ይዞት ይመጣል። ይልቅ ስለ እጀታው አንድ ገጽ ጽፋችሁ ስለ አፉ ሁለት መስመር ብቻ? ድሮ በሠራሁበት ቦታ ያረጀ አፕላየር ነበረን። መንጋጋዎቹ የፀጉር ያህል ተዛንፈዋል፣ በዓይን አይታይም። ክሊፑ ሲዘጋ ሁለቱ እግሮቹ እንደ መቀስ ተላለፉና የደም ሥሩን በመያዝ ፈንታ ቆረጡት፣ ሐኪሙ በጣቱ አፍኖ እስኪሰፋው ድረስ እኛም ትንፋሻችንን ይዘን ቆምን። መጀመሪያ የሚጻፈው "መንጋጋው አይዛነፍም" የሚለው ይሁን።

ማሽን ሾፕ፣ ኮምቦልቻ፦ ሲስተር እውነትዎን ነው። ክሊፑ የሚቀመጥበትን ቦይ በሚሊንግ ማሽን ፈልፍለን እናወጣዋለን፣ አብሽሩ። እኔን የሚያስፈራኝ ሁለቱን ክንዶች ማጠፊያው ላይ የሚያያይዘው ፒን ነው። ክንዱ ረጅም ስለሆነ ፒኑ ጋ ትንሽ ከላላ ጫፉ ላይ ብዙ ይሆናል። ብረቱም 420 ስቴንለስ ይሁን፣ በሙቀት ይጠነክራል። የባንኮኒው 304 በሙቀት አይጠነክርም፣ ለሞዴል ብቻ እንጠቀምበት።

ሐኪም፦ አንድ ነገር ጨምሩልኝ። የክሊፑ ጫፎች መጀመሪያ ይገናኙ፣ ወገቡ ከዚያ ይጨመቅ። አለበለዚያ የደም ሥሩ እንደ እርጥብ ሳሙና ሾልኮ ይወጣል። ክሊፑን ግን እኛ አንሠራም! አሜሪካዊው የአንጎል ቀዶ ሐኪም ኩሺንግ በ1911 እ.ኤ.አ. ለአንጎል ቀዶ ሕክምና የብር ክሊፕ ማስተዋወቁን አውቃለሁ፣ የኛ ብር አንጥረኞች እጅም የሚናቅ አይደለም፣ ግን ሰውነት ውስጥ የሚቀር ነገር ስለሆነ ቲታኒየሙን ገዝተን መንጋጋውን በሱ ልክ እንሥራ።

ነርሷ፦ ማጠቢያውንስ? ማጠፊያው ውስጥ ደም ከደረቀ አበቃ። ፒኑ የሚፈታ ይሁን። "ይቀቀላል" የሚለውንም ሰርዙት። ደሴ ከፍታው 2,500 ሜትር ገደማ ነው፣ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል። "በአውቶክሌቭ (በታመቀ እንፋሎት ማምከኛ)፣ 121 ወይም 134 ዲግሪ" ተብሎ ይጻፍ።

ሰብሳቢ፦ ተጻፈ። ሙከራውስ?

ማሽን ሾፕ፦ ከቄራ የበግ ደም ሥር እናምጣ። አንዱን ጫፍ በክሊፕ ዘግተን በሌላው በሲሪንጅ ውሃ እንገፋለን፣ የደም ግፊት መለኪያው 300 እስኪደርስ። ካንጠባጠበ ወድቋል።

ነርሷ፦ ውሃው መለኪያው ውስጥ እንዳይገባ ቱቦው ላይ አየር ይቅር፣ ያለን አንድ መለኪያ ነው።

ሰብሳቢ፦ እሺ። ቄራ ማን ይሂድ?

ማሽን ሾፕ፦ እኔ አለሁ። የመንጋጋውን ንድፍ ግን ሲስተር ሳያዩት ብረት አልቆርጥም።