አንድ ኮሮና እናቴን ሳይጥል አባቴን ለምን ጣለው? የአንጀት ባክቴሪያ ይሆን?

የጠባሴዋ (ደብረ ብርሃን)

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። በ2013 ዓ.ም. ፋሲካ ሊደርስ ሲል ኮሮና ቤታችን ገባ። እናቴ ሦስት ቀን አሳላት፤ በሶዋን በመዳፏ እየጨበጠች ጾሟን ሳትፈታ ተነሣች። አባቴ ግን በሰባተኛው ቀን ትንፋሽ አጥሮት ሆስፒታል ገባና አሥራ አንድ ቀን ኦክስጅን ተደርጎለት ቆየ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተርፏል።

አልጋውን ሳነጥፍ ከትራሱ ሥር እንክብሉ ያለቀ ሦስት የአሞክሳሲሊን (ባክቴሪያ የሚገድል አንቲባዮቲክ) ማሸጊያ አገኘሁ። ከመድኃኒት ቤት ገዝቼ ያመጣሁለት እኔ ነኝ። ሰሞኑን ደግሞ ኮሮና የጠናበት ሰው አንጀት ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ቀላል ከሆነለት ሰው እንደሚለዩ አነበብኩ። መድኃኒቱ ጠቃሚዎቹን ገድሎ አባቴን ለሕመሙ አሳልፎ ሰጥቶት ይሆን? የምታውቁ ንገሩኝ፣ እንቅልፍ ነሥቶኛል።

የላብራቶሪ ባለሙያው (ደብረ ሲና)

እህቴ፣ በመጀመሪያ እግዚአብሔር አባትሽን ያቆይልሽ። ያነበብሽው እውነት ነው። የሆንግ ኮንግ ተመራማሪዎች ሆስፒታል የገቡ 100 የኮሮና ሕሙማንን ደምና ሰገራ መርምረው ውጤቱን በ2021 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። ፊካሊባክቴሪየም ፕራውስኒትዚ እና ቢፊዶባክቴሪየም የሚባሉት ባክቴሪያዎች በሕሙማኑ ላይ ተመናምነው ተገኙ፤ የባክቴሪያዎቹ መዛባትም ከሕመሙ መክበድ ጋር አብሮ ይሄድ ነበር። ቫይረሱ ከጠፋ በኋላ እንኳ እስከ 30 ቀን ድረስ ቁጥራቸው አላገገመም። ፊካሊባክቴሪየም ከምግብ ሳይፈጭ የተረፈውን አሰር (ፋይበር) አብላልቶ ቡቲሬት የሚባል ንጥረ ነገር ይሠራል፤ ቡቲሬት የአንጀትን ግድግዳ ይመግባል፣ ልክ ያለፈ የሰውነት መከላከያ ቁጣንም (ብግነት) ያበርዳል። ኮሮና የጠናበትን ሰው ሳንባ ከሚጎዱት ነገሮች አንዱ ይኸው ልክ ያለፈ ቁጣ ነው።

ነገር ግን አብሮ መታየት ማለት ምክንያት መሆን አይደለም። አንቲባዮቲክ ሳይሰጣቸው በቫይረሱ ብቻ የተያዙ አይጦች ላይም የአንጀት ባክቴሪያ ተዛብቶ ታይቷል። ስለዚህ ሕመሙ ራሱ ባክቴሪያውን ሊያዛባ ይችላል። ዕድሜ፣ ስኳር፣ ደም ግፊት፣ ወንድ መሆንም የየራሳቸው ድርሻ አላቸው። አባትሽን ያንቺ እንክብል ጣለው የሚል ሐኪም የለም፤ ይህን ሸክም ከትከሻሽ አውርጂ። አሞክሳሲሊን ቫይረስን እንደማይገድል፣ የአንጀትን ባክቴሪያ ግን እንደሚነካ ማወቁ ለወደፊቱ ይጠቅማል።

ከመሐል ሜዳ

እኛ መንዞች በገብስና በባቄላ ያደግን ነን። የእንጀራው እርሾስ ራሱ ባክቴሪያ አይደለምን? እንጀራ የሚበላ ሰው ጠቃሚውን በየዕለቱ ይውጠዋል ብዬ አምናለሁ።

የላብራቶሪ ባለሙያው

ጋሼ፣ እርሾው ሕያው ነው፤ ምጣዱ ላይ ግን ይሞታል። ሕያው ሆኖ የሚደርስልዎት ያልፈላ እርጎ ውስጥ ያለው ነው፣ ወተቱ ከመርጋቱ በፊት ይፈላ እንጂ። የገብሱና የባቄላው ነገር ግን እውነት ብለዋል፤ አንጀት ውስጥ አስቀድመው የሰፈሩትን የሚቀልበው የእነርሱ አሰር ነው። በሶ ከኮሮና ያድናል ግን አልልም።

የጠባሴዋ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ባለፈው ሳምንት አባቴን እንደገና አሳለውና ገና ሳይነጋ «ያንን እንክብል አምጪልኝ» አለኝ። በጋቢ ጠቅልዬ ጤና ጣቢያ ወሰድኩት። ባለሙያዋ ደረቱን አዳምጣ፣ የኦክስጅኑን መጠን በጣቱ ላይ ለክታ፣ ጉንፋን ነው ብላ ያለ መድኃኒት መለሰችን። መንገዱን ሁሉ ተቆጥቶኝ ነበር። ቤት ስንገባ እናቴ የገብስ አጥሚት ሠርታ ጠበቀችው፤ ሁለት ኩባያ ጠጣ።